ሁለት ሐዲድ፣ አንድ መብራት

ወንድሜ ሥዩም ታሰረ የሚለው ስልክ የመጣው ሩዝ እያጠብኩ ሳለ ነው። የደወለችው ሚስቱ ሲምረት ናት። ሲምረት ደግሞ ወሬ ስትነግር ከራሱ አትጀምርም፤ መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ማርያምን ትጠራለች፣ ሰው የሚገባው ነገር ከአፏ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ ሞቷል ወይስ አልሞተም? እሱን ብቻ ንገሪኝ!» ብዬ ጮህኩባት። አልሞተም። የሚነዳው ባቡር ጣቢያው አፍ ላይ ከቆመ ፉርጎ ጋር ተጋጭቷል። መንገደኛው ተንገጫግጮ ተርፏል፤ የረዳቱ የቢንያም እግር ግን ተጨፍልቋል። ሥዩም ደግሞ ቀይ መብራት ጥሰሃል ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። ሩዙን እዚያው ውኃው ውስጥ ትቼ ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ።

ሥዩም ለእኔ ወንድም ብቻ አይደለም። እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሱ እየወለቀ ነበር። አዝዬ አሳድጌዋለሁ፣ ሲያጠፋ ቆንጥጬዋለሁ፣ ዐረብ አገር የመጣሁትም እሱ ከትምህርቱ እንዳይቀር ነው። ዛሬም ጢሙን አጎፍሮ «እታለም» ነው የሚለኝ። እሱ ታስሮ እኔ ሩማይሲያ የሚባል ሰፈር በሰው ቪላ ውስጥ ሩዝ ላጥብ? በዚያች ሰዓት ክንፍ ቢኖረኝ በኩሽናው መስኮት እወጣ ነበር።

ያነሳችኝ ሐሲና ናት። ሐሲና የወሎ ልጅ ናት፤ እኔ ኩሽናውን ይዤ እሷ ጽዳቱን ይዛ አንድ ቤት እንሠራለን፣ ጣሪያው ላይ ባለችው አንዲት ክፍል አብረን እናድራለን። እዚህ ቤት ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ማዳም ሁለተኛ ሠራተኛ ስትፈልግ «ጨዋ፣ እጇ ፈጣን፣ አፏ ትንሽ» ብዬ ያስመጣኋት የማውቃት በባሏ በኩል ስለሆነ ነው። ባሏ ሸምሰዲን ወንድሜ ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ ሥዩም ሾፌር፣ ሸምሰዲን ሐዲድ የሚያጸዱት ሠራተኞች ካቦ። ያን ቀን ሐሲና አቅፋኝ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። «አይዞሽ ዘነቡ፣ አላህ ያወጣዋል፣ ሥዩም መብራት የሚጥስ ልጅ አይደለም» አለችኝ። እኔም ሞኟ ከአንጀቷ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ነገሩን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና በሰው አፍ ነው። ከጣቢያው በፊት አንድ ኩርባ አለ። እዚያ ኩርባ ላይ ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ይሄዳል። በቀኝ ያለው መንገደኛ የሚሄድበት የድሮው መስመር ነው፤ በግራ ያለው ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገባው፣ በቅርቡ የተከፈተው የጭነት መስመር ነው። ሁለቱም የየራሳቸው መብራት አላቸው። እንደ መኪናው ትራፊክ መብራት ነው፣ ብረት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ቀይ ከሆነ ቁም፣ አረንጓዴ ከሆነ እለፍ። የድሮው መስመር መብራት በስተቀኝ፣ የእሾህ ዛፉ ከሚበዛበት ዳር ነው። የአዲሱ በስተግራ። አዲሱ መስመር ከመከፈቱ በፊት እዚያ ቦታ የነበረው መብራት አንድ ብቻ ነው፤ ሾፌሮቹም ኩርባውን ሲዞሩ አንድ መብራት ማየት ለምደዋል። ያን ቀን ሥዩም ኩርባውን ሲዞር አንድ መብራት አየ፤ አረንጓዴ። የራሴ ነው ብሎ አለፈ። ለካ የጎረቤቱ ኖሯል። የእሱ ቀይ ነበር።

«አንድ መብራት ብቻ ነው ያየሁት» ይላል ሥዩም። ሌላ ቃል የለውም። አጣሪ ኮሚቴው ቦታው ድረስ ሄዶ ሲያይ ግን ሁለቱም መብራት ፍንትው ብሎ ይታያል። እንግዲህ ሁለት የሚታይ መብራት ባለበት አንድ ነው ያየሁት የሚል ሾፌር ወይ ተኝቶ ነበር፣ ወይ ስልኩን ሲነካካ ነበር፣ ወይ ዋሽቷል። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ልክ አደጋው በደረሰበት ሰዓት እንደነበረችው ስትሆን፣ ባቡር አቁመው፣ ሥዩምን ከእስር አውጥተው፣ ዐቃቤ ሕግ ባለበት ሊሞክሩት ቀጠሮ ያዙ። መብራቱ ከታየ አበቃ፤ ፋይሉ ፍርድ ቤት ይገባል፣ ወንድሜም ይፈረድበታል።

ይህንን ከሰማሁ ወዲያ ሰውነቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ማጅቡስ የሚሉት የሩዝ ምግባቸው ላይ ጨው ሁለቴ ጨምሬ ባባ፣ የማዳም ባል፣ በቁጣ ሳህኑን መለሰው። ጀምዒያ፣ የሰፈሩ ሱቅ፣ ለሽንኩርት ተልኬ ሳሙና ይዤ ተመለስኩ። ማዳም «ዘይነብ፣ ራስሽ የት ነው?» ትለኛለች። ዘነበወርቅ ማለት አቅቷት ዘይነብ ካለችኝ ቆይታለች። ራሴማ ኩርባው ላይ ነው! ምን ብዬ ላስረዳት?

ሐሲና ደግሞ ተለወጠችብኝ። የመጀመሪያ ቀን እንደዚያ ያለቀሰችው ሴት፣ ሥዩምን ባነሳሁ ቁጥር ሥራ ይበዛባት ጀመር። መጥረጊያውን ይዛ ትነሳለች። ማዳም ስልካችንን ሥራ እስኪያልቅ ትይዘዋለች፤ እኛም እንደሁሉም ሰው የተደበቀ ሁለተኛ ስልክ አለን። ሐሲና ያንን ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባና ውኃውን ለቃ ታወራለች። ድሮ እኮ ከሸምሱ ጋር ስታወራ ስፒከር ላይ አድርጋ «እህትህ ዘነቡ ሰላም ትልሃለች» ነበር የምትለው። ሰላቷን ስትጨርስ እንኳ እጇን ዘርግታ የምትቆይበት ረዘመብኝ። ምን ለምና ይሆን? አልኩ በሆዴ።

ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ሚርቃብ ገበያ ወጣሁ። ዓርብ ሚርቃብ መቼም የእኛ ሰው ነው፤ ሻንጣ የሚሸምተው፣ ካርድ የሚሞላው፣ ዝም ብሎ ቆሞ የሚሳሳቀው። ሲምረት የደወለችው ስልክ ከሚጠገንበት ሱቅ ፊት ለፊት ቆሜ ነው። «ውቤን ታውቂያታለሽ? ሐዲዱ ዳር ሻይ የምታፈላዋን?» አለችኝ። አውቃታለሁ። «አደጋው በደረሰ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቢንያምን ለማውጣት ሲሯሯጥ፣ ሸምሰዲን ገጀራ ይዞ መብራቱ አጠገብ ያለው የእሾህ ዛፍ ላይ ሲወጣ አይታዋለች። ቅርንጫፍ ቆርጦ ቦዩ ውስጥ ጣለ ትላለች። መስክሪ ብላት ግን ጎረቤቴ ነው፣ ልጆቹን በእጄ ያዋለድኩ ነኝ፣ ሞቼ እገኛለሁ አለች።»

መብራቱ ከሩቅ ለሾፌሩ እንዲታይ ቅርንጫፍ መመልመል የማን ሥራ እንደሆነ ልንገራችሁ? የሸምሰዲን ነው። ገባችሁ? መብራቱን ዛፍ ሸፍኖት ነበር። ወንድሜ አልዋሸም። ሰውየው ግን ከአደጋው በኋላ ሮጦ ቆርጦ፣ ኮሚቴው ሲመጣ መብራቱን ፍንትው አድርጎ አቆየላቸው። ደሜ ፈላ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ለብቻዬ ሳወራ አጠገቤ የነበረችው ፊሊፒናዊት ቦታ ቀየረች። «ቆይ! ቆይ ብቻ ቤት ልግባ!» እላለሁ። ሐሲና ታውቃለች። ታውቃለች፣ አውቃም አጠገቤ ተኝታለች፣ አውቃም እንጀራዬን በልታለች!

ቤት ስገባ ማዳምና እህቶቿ ሳሎን ነበሩ፤ አፌን ያዝኩ። በማግስቱ ማዳም ለማክሰኞ ከሱራ ሰፈር የሚመጡ እንግዶች ስላሉ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ይጽዳ አለች። ጦዝ የሚሉት የአሸዋ ነፋስ ነፍሶ ስለነበር አቧራው ከየቀዳዳው ይገባል። እኔ ትልቁን የብር ትሪ ላወርድ መሰላል ይዤ የሳሎኑ ቁም ሣጥን ላይ ወጣሁ። አናቱ አቧራ ለብሷል። በጣት ስም ይጻፍበታል!

«ሐሲና! ነይ ወዲህ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«አቧራው ነዋ! አልጠረግሽውም!»

«ጠርጌዋለሁ፣ ወላሂ ጠርጌዋለሁ። እጄን ዘርግቼ ጠርጌ፣ ቆሜ አይቼዋለሁ።»

«እዚያ ታች ቆመሽ ምኑን ነው የምታዪው? በአንቺ ቁመት! እስቲ እዚህ ወጥተሽ እዪ! ወይስ በቤታችሁ ልማዱ ነው፣ ከታች ቆሞ አየሁ ማለት?»

የመጨረሻውን ለምን እንዳልኩት እንኳ አላውቅም፤ ነገር ፍለጋ ነው። ሐሲና ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ። መሰላሉን ይዛ ቆመች። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሸምሱ ከታች ቆሞ እንዳየ ማን ነገረሽ?»

ከመሰላሉ ወረድኩ። «ውቤ አይታዋለች፣ ከአደጋው በኋላ ሲቆርጥ። አሁን አንቺ የቀረውን ትነግሪኛለሽ» አልኳት። ደግሞም ነገረችኝ። ጉልበቷን አቅፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንድም ሳትደብቅ።

ሸምሰዲን ከአደጋው በፊት ዛፉን መልምሎታል። ሰነፍ ሰው አይደለም። መልምሎም ሐዲዱ መሐል ቆሞ መብራቱን አይቷል፤ ጥርት ብሎ ታይቶታል። ካቦ ሆኖ ከገባ ጀምሮ ሥራው በእግር ነው፤ ይሄዳሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ቆመው ያያሉ፣ ያልፋሉ። ሾፌሩ የሚቀመጥበት ቦታ ማን አውጥቷቸው? ያን ቀን ግጭቱን ሰምቶ ሲደርስ ሥዩም ከተጨራመተው ባቡር ፊት ቆሞ «አንድ ነው! አንድ መብራት ብቻ ነው ያየሁት!» እያለ ይጮኻል። ሸምሰዲን ደንግጦ ወደ ኩርባው ሮጠ። ከመሬት ቆሞ አየ፤ ሁለቱም መብራት አለ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ሊመለስ ሲል የባቡሩ ጭራ ገና መብራቱን አላለፈም ነበርና፣ ምን እንደገፋው ሳያውቅ የመጨረሻውን ፉርጎ መሰላል ይዞ ወጣ። ሾፌር በሚቀመጥበት ከፍታ ሆኖ አየ። አንድ ቅርንጫፍ፣ ከታች ሲያዩት ከመብራቱ በላይ የነበረ፣ ከዚያ ላይ ሲያዩት መብራቱን ግጥም አድርጎ ሸፍኖታል። የሚታየው የጎረቤቱ አረንጓዴ ብቻ ነው።

«ከዚያ እጁ ቆረጠ» አለች ሐሲና። «እኔ አልቆረጥኩም፣ እጄ ነው የቆረጠው ነው የሚለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ንገሪኝ ዘነቡ፣ ባልሽ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር? ልጆቼ ወሎ እናቴ ጋ ናቸው፤ እሱ ከታሰረ ምን እላቸዋለሁ?»

ቆሜ አየኋት። ላዝንላት ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም። «ወንድሜስ?» አልኩ። «ሥዩምስ ሰው አይደለም? ለቢንያም እግር፣ ላልሠራው ወንጀል እስር ቤት ይበስብስ? ትደውይለታለሽ! ማክሰኞ እዚያ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይናገራል። አለበለዚያ የደበቅሽውን ስልክ ለማዳም እሰጣታለሁ። እኔ ነኝ ያስገባሁሽ፣ እኔው አስወጣሻለሁ!»

ይሄን ስል ማዳም በር ላይ ቆማ ነበር። አማርኛ አትሰማም፣ ጩኸት ግን ትሰማለች። «ሽኑ? ምን ሆናችሁ?» አለች። ሐሲና ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እባክሽ አይልም፣ አድርጊውም አይልም። አፌን ከፈትኩ። ማዳም ትጠብቃለች። አንድ ቃል ነው የቀረኝ።

«መሰላሉ ይወዛወዛል» አልኳት።

ደግነት እንዳይመስላችሁ። ስልኩ ከተወሰደ በምን ልትደውልለት ነው? እሱ ትዝ ብሎኝ ነው።

ከዚያ እስከ ማክሰኞ አንድ የአማርኛ ቃል አልተነጋገርንም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴት ሆነን፣ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ እኔ ወደ በሩ። ሥራ ላይ የግድ ስንሆን በማዳም ዐረብኛ ነው የምናወራው፤ «ሳህን»፣ «ኸላስ»፣ «ያላ»። ትደውል አትደውል አላውቅም። መጠየቅ ማለት መለመን መስሎ ታየኝ። ዓይኔን ስጨፍን ሥዩም ሕፃን ሆኖ ሐዲድ ላይ ሲሄድ ይታየኛል፤ ከኋላው ባቡር ይመጣል፣ እጠራዋለሁ፣ አይሰማኝም። ገብርኤልን ለመንኩት፣ ተሳልኩለት፣ ተቆጣሁት ጭምር። «ምን ታያለህ ዝም ብለህ?» አልኩት፤ ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ ደረሰ። እንግዶቹ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ግር ብለው ገቡ፤ ሽቶው፣ ሳቁ፣ የልጆቹ ጩኸት። ሻዩ ኢስቲካና በሚሏት ወገቧ ቀጭን ብርጭቆ ነው የሚቀርበው። ሻዩን ስቀዳ ከብርጭቆው አልፎ ትሪው ላይ ፈሰሰ። ማዳም በዓይኗ ገሠጸችኝ። ሰዓቴን አያለሁ፤ ሰዓቱ እዚህም እዚያም አንድ ነው። አሁን አውጥተውታል፣ እላለሁ። አሁን ኩርባው ጋ ደርሰዋል። አሁን ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። አንዷ እንግዳ «ስኳር» ትለኛለች፣ እኔ ውኃ አመጣላታለሁ። ዘወር ስል ሐሲና የለችም። በኋላ በር ባለው ደረጃ ወደ ጣሪያው ወጥታለች።

ጥቂት ቆይታ ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሻሿ ተንሸራቷል። በአጠገቤ አልፋ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ኩሽና ገባች። ደውላ እንደሆነ፣ ምን እንዳለችው፣ ምን እንዳላት፣ ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ልከተላት ስል «ዘይነብ! ተምሩን አምጪ!» ተባልኩ። ተምሩን ለአንዷ ሁለቴ አዞርኩላት። አንዲት አሮጊት እንግዳ እጄን ይዛ «አሞሻል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ማልቀስ አማረኝ፤ ከንፈሬን ነከስኩ።

ስልኬ ደረቴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተምሩ እጄ ላይ ነበር። ትሪውን ማን ላይ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ በኋላ የማዳም እህት ጉልበት ላይ ነው አሉኝ። ሮጬ ኩሽና ገባሁ። ሐሲና ብርጭቆ እያጠበች ነው። ስልኩን ከፈትኩት። እልልታ! ሲምረት እልልታውን ታቀልጠዋለች፣ ከኋላዋ ሰው አብሯት እልል ይላል። ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ አፈንኩት። ሐሲና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቧንቧውን ዘጋች። ሰምታለች።

«ወጣ?» አለችኝ ሳትዞር። ከቅዳሜ ወዲህ በአማርኛ ያናገረችኝ ያኔ ነው።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት። ሲምረት እያለቀሰችና እየሳቀች ነገረችኝ። ሰዉ ሁሉ በገመድ ታጥሮ ቆሟል። ባቡሩ ኮሚቴውን፣ ዐቃቤ ሕጉንና ሥዩምን ይዞ ኩርባውን ዞረ። ሲወርዱ «ሁለቱም መብራት ታይቷል» ተባለ። ሥዩም አንገቱን ደፋ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን እያጣጠፈ ሳለ ሸምሰዲን ከሠራተኞቹ መሐል ወጣ። «ያን ቀን አይታይም ነበር» አለ። ቦዩ ውስጥ ገብቶ የደረቀውን ቅርንጫፍ ጎትቶ አወጣ። ጉቶውን አሳያቸው። አላመኑትም። ስለዚህ ዛፉ ላይ ወጣ፤ እሾሁ እየቧጨረው፣ ቅርንጫፉን በነበረበት ቦታ በገዛ እጁ ይዞ ቆመና «ባቡሩን መልሱት! መልሳችሁ አምጡት!» ብሎ ጮኸ። ባቡሩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጣ።

«ታዲያ?» አልኩ።

«አንድ መብራት!» አለች ሲምረት። «አንድ መብራት ብቻ! ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ነው ያለው! ሥዩምን እዚያው ፈቱት። ከእኔ ጋር ነው፣ አጠገቤ ነው! ሰውየውን በሥዩም ቦታ አስገብተውት ሄዱ። ይበለው!»

ስልኩ ተዘጋ። ሐሲና እጇ አረፋ እንደሆነ ዞረች። ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ቁጣ የት ሄደ? «ምን አልሽው?» አልኳት።

«መሬት ቆመህ ማየትህ ስሕተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል አልኩት። ቅርንጫፉን የቆረጥከው ግን ስሕተት አይደለም አልኩት። ዛሬ ዝም ካልክ ከእንግዲህ ልጆቼን አታያቸውም አልኩት።» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «እሺ ብቻ አለኝ። እሺ።»

ከዚያ ወደ ብርጭቆዎቿ ተመለሰች። አንዱን አጠበች፣ ደግማ ያንኑ አጠበች። «ዘመዱ ሁሉ ወሎ ነው» አለች ለራሷ ይመስል። «የዛሬ እራቱን ማን ያደርስለት ይሆን?»

ሳሎን ማዳም ትጠራኛለች። ትጥራ! ስፒከር ላይ አድርጌ ሲምረትን መልሼ ደወልኩላት። «ስሚኝ፣ ዛሬ እራት ሠርተሽ ፖሊስ ጣቢያ ትወስጃለሽ» አልኳት።

«ለማን? ሥዩም እዚህ አይደል እንዴ?»

«ለሸምሰዲን።»

«ለማን አልሽ? ባሌን አሳስሮ ለቆየ ሰው? እታባ፣ ደስታው ነው ያሳበደሽ? እኔ ለእሱ ውኃ አላቀብለውም!» ስልኩ ውስጥ መጎተት ተሰማ፤ አንድ ሰው ተቀበላት።

«እታለም» አለ ሥዩም። ድምፁ ሻክሯል። ያንን ድምፅ ስሰማ የሩዙ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። «ምን አድርጊ ነው የምትያት?»

«ለሸምሱ እራት ውሰዱለት። ሰው የለውም።»

ቢቆጣ አልፈርድበትም ነበር። «ዛፉ ላይ ሆኖ» አለ፣ «እኔን ነበር የሚያየው እንጂ እነሱን አልነበረም። እሾሁ እጁን አድምቶት ነበር እታለም፣ ቅርንጫፉን ግን አልለቀቀም። እኔ ራሴ እወስድለታለሁ።»

«ሥጋ እንዳታደርጉበት። የክርስቲያን ሥጋ አይበላም።»

«አውቃለሁ። ከጣቢያው ማዶ ዙበይዳ ምግብ ቤት የእስላም ሥጋ አለ። ጥብስ አሠርቼለት እሄዳለሁ።»

ሐሲና ቧንቧውን ይዛ ቆማለች። አጠገቧ ሄጄ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋሁላት፤ የምትናገር መስሎኝ። ራሷን ነቀነቀች፤ ሥዩምን ማናገር አልቻለችም። አረፋ በነካው እጇ ክንዴን ያዘችና በጆሮዬ ነገረችኝ።

«ቃሪያ ያስጨምርበት በይልኝ» አለች። «ቃሪያ ከሌለው አይበላም።»